ጀርባውንም

ለሥራ በሄድኩበት አገር፣ ኢሚግሬሽን ፊት ለፊት ባለችው ጠባብ ፎቶ ኮፒ ቤት የሚሠራውን ሰውዬ በስሙ የሚጠራው አልነበረም። የእኛ ሰዎች «ጀርባውንም» ነበር የሚሉት። ማንም ሰው ወረቀት ይዞ ቢመጣ የፊቱን ገጽ ኮፒ ያደርግና ገልብጦ ያያል፤ ከዚያ ቀና ብሎ «ጀርባውንም» ይላል። ጥያቄ አይደለም፤ ትእዛዝ ነው።

እኔ ደግሞ ትእዛዝ አልወድም። ሆስፒታል ውስጥ ቀኑን ሙሉ አንሶላ ስተኩስ የምውል ሰው ነኝ፤ ትእዛዝ እዚያው ይበቃኛል። ስለዚህ የመኖሪያ ፈቃድ ማመልከቻዬን ይዤ የገባሁ ቀን፣ ከሰውየው ጋር ነገር ለመጀመር አምስት ደቂቃ አልፈጀብኝም።

«ባዶ ሣጥን አለ» አለኝ፣ ወረቀቱን ገና ከእጄ ሳይቀበል።

«የሰው ወረቀት ታነባለህ እንዴ?»

«አላነብም። ባዶ ቦታ ግን ከሩቅ ያስታውቃል።»

እውነቱን ነው። የመጨረሻው ቅጠል ባዶ ነበር። ችግር ቢደርስብኝ የሚጠሩ፣ እዚሁ አገር የሚኖሩ ሦስት ሰዎች ይጠይቃል፤ አንዱ ከፊት፣ ሁለቱ ከጀርባ። ስም፣ ስልክ፣ ዝምድና። ከመጣሁ ገና አራት ወር ነበር። የቤት አከራዬን አሰብኩ፣ የሆስፒታሉን ዘበኛ አሰብኩ። ሦስተኛ ሰው ጠፋኝ።

«ወንድሜ» አልኩት ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «ያንተን ስም ልጻፈው?»

ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ ስሙንና ስልኩን በቁራጭ ወረቀት ጽፎ ገፋ አደረገልኝ።

«ዝምድና የሚለው ላይስ?»

«ዝምድና ከሌለ ‹የለም› ብለሽ ጻፊ። ብቻ ባዶ አትተዪ» አለና ወደሚቀጥለው ሰው ዞረ።

ጉዱ የመጣው እዚህ ላይ ነው። በማላውቀው አገር፣ ማን እንደሆንኩ እንኳ ሳይጠይቅ ስልኩን በሰጠኝ ሰው ስም ትይዩ «የለም» ብዬ ልጻፍ? እጄ እምቢ አለኝ። በአገሩ ቋንቋ «ወንድም» ብዬ ጻፍኩ። ገለበጥኩትና አከራዬን «እናት»፣ ዘበኛውን «ወንድም» አልኳቸው። እንዲያውም ደስ አለኝ፤ ድንገት ቤተሰብ ያለኝ መሰለኝ።

«ጀርባውንም» አለ ኮፒ ሲያደርግ።

«የፊቱ ይበቃኛል።»

«አይበቃሽም።»

አደረገው። እንዳለውም አንዲት ቃል አላነበበም።

ከዚያ በኋላ ወደ ሱቁ ለመሄድ ሰበብ አጥቼ አላውቅም። በሄድኩ ቁጥር አንድ ነገር ያስተምረኛል። ዋናውን ሰነድ አሳይተሽ መልሰሽ ያዢ እንጂ ለማንም አትስጪ። ያስገባሽበትን ቀን ማኅተም ሳታስመቺ ከመስኮቱ አትነሺ። ያልገባሽ ነገር ላይ አትፈርሚ። አንድ ጊዜ ፓስፖርቴንና የሥራ ውሌን እይልኝ ብዬ ብሰጠው ስሜ በአንድ ፊደል ይለያያል።

«በዚህ አያያዝሽ ሁለት ሴት ልትሆኚ ነው» አለኝ።

«የትኛዋ ትሻልሃለች?»

የማሽኑን መሳቢያ ከፍቶ፣ ሙሉ በነበረው ወረቀት ላይ ወረቀት ሊጨምር ሞከረ።

ሌላ ቀን ደግሞ የሰጠሁትን ወረቀት ይዞ ቆመ። «ይህን ባለፈው ሳምንት ኮፒ አድርገሽዋል።»

«ጠፋብኝ።»

«ሦስተኛሽ ነው።»

«እና አታደርግልኝም?»

ወረቀቱን መስታወቱ ላይ አስተኛው። ማሽኑ በመሃላችን ይሞቃል፤ ቁልፉን የነካው ግን አልነበረም።

ፈቃዴ ወጣ፣ ታደሰ፣ ደግሞ ታደሰ። አምስት ዓመቱ ሞልቶ ለዜግነት አመለከትኩ። ሰውየው በፍቅር ረገድ ከመሥሪያ ቤቱ ወረፋ የባሰ ነው ብዬ ተስፋ ልቆርጥ ስል፣ አንድ ከሰዓት ላይ ቀና ሳይል «ሰነድ እያሟላሁ ነው» አለኝ።

«የምን ሰነድ?»

«የጋብቻ ምዝገባ። ከሁለት ወገን ነው የሚፈለገው። ያንቺስ የተሟላ ነው?»

«የተሟላ ነው» ብቻ አልኩ። ስወደው እንደኖርኩ ያኔ ለራሴም አመንኩ።

መዝጋቢው ወጣት፣ ትሑት ሰው ነበር። ስማችንን አስገብቶ ኮምፒውተሩን ረጅም ጊዜ አየ።

«እዚህ ላይ ወንድምዎ ነው ይላል።»

እኔ ሳቅኩ። ሌላ የሳቀ አልነበረም። የኔው «ጀርባውንም» ዞር ብሎ አየኝ፤ በአምስት ዓመት ውስጥ እንደዚያ ግራ ገብቶት አይቼው አላውቅም።

«ለአክብሮት የጻፍኩት ነው» አልኩ። «እኛ ጋ የቀረበን ሰው ሁሉ ወንድሜ ይባላል።»

«ወንድምዎ ከሆነ መጋባት አይቻልም። ካልሆነ ደግሞ ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ሐሰት ጽፈዋል ማለት ነው።» ድምፁ ውስጥ ክፋት አልነበረም። «ዛሬ ወረቀታችሁን ይዛችሁ ከወጣችሁ እኔ ምንም አላየሁም። ካስገባችሁት ግን ወደ ዜግነት ፋይልዎ ይሄዳል። ቃለ መጠይቁ ላይ ሐሰት ነው ከተባለ ዜግነቱ ይቀራል፤ የመኖሪያ ፈቃዱም ያሰጋል።»

«ጀርባውንም» ወረቀቶቹን ሰበሰበና ወደ ኮሪደሩ ወጣ። ተከተልኩት።

«ዜግነትሽ እስኪወጣ እንጠብቅ» አለኝ። «ሁለት ዓመት ምን አላት?»

«ሁለት ዓመት እህትህ ሆኜ ልቀመጥ?»

«በእኔ የተነሳ ከምትባረሪ እጠብቃለሁ።»

«በአንተ የተነሳ አይደለም። ቃሉን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ የማስተካክለውም እኔ ነኝ። ያን ጊዜ ተሳስቼ ነው። ዛሬ እያወቅኩ ወረቀቱን ይዤ ብወጣ ግን ዋሸሁ።»

ወረቀቶቹን ከእጁ ተቀብዬ ተመልሼ አስገባሁ። ማኅተምም አስመታሁ።

«እንግዲያው እስከ ቃለ መጠይቁ ሱቅ አትምጪ» አለኝ ደረጃው ላይ። «ተማክረን ያቀናበርነው እንዳይመስል።» ልክ ነበር። እኔ ግን አኮረፍኩ። ስድስት ሳምንት ሙሉ በዚያ መንገድ ሳልፍ በማዶኛው በኩል ሄድኩ፤ በመስታወቱ ውስጥ ቀና ሲል አየዋለሁ፣ ያየኛል፣ እናልፋለን።

ፈርቼ ነበር። ደፋር ነኝ ብዬ ላወራ እችላለሁ፤ ግን አንሶላ ስተኩስ ሁለት ጊዜ እጄን አቃጠልኩ። አንድ እሑድ ጠዋት ከአልጋዬ ሥር ፎልደሬን አውጥቼ አምስት ዓመት የሰበሰብኩትን ወረቀት ሁሉ ዘረጋሁት። የመጀመሪያው ማመልከቻዬ ኮፒ ከታች ተገኘ። ከፊት የእሱ ስም፣ «ወንድም»። ገለበጥኩት።

መሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተር ውስጥ ያስገባው የፊቱን ገጽ ብቻ እንደነበር የገባኝ ያን ጊዜ ነው። መዝጋቢው ስለ እናትና ስለ ሌላ ወንድም ምንም አላነሳማ። ወረቀቱን ደረቴ ላይ ይዤ መጀመሪያ ሳቅኩ፣ ከዚያ ትንሽ አለቀስኩ።

በቃለ መጠይቁ ቀን ቋንቋውን ብችልም አስተርጓሚ ጠየቅኩ። መብት ነው፤ አንዲት ቃል ምን እንደምታመጣም ተምሬያለሁ። አስተርጓሚው የተባለውን ሁሉ ሳይጨምር ሳይቀንስ ሊተረጉም ማለ። ኃላፊዋ መነጽራቸውን በገመድ አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ትልቅ ሴት ናቸው።

«ይህ ሰው ምንዎ ነው?»

«እጮኛዬ ነው።»

«ወንድም ብለው ጽፈዋል።»

ኮፒውን አቀረብኩላቸው። «ጀርባውንም ይዩት።»

ገለበጡት። መነጽራቸውን አደረጉ። «እዚህ ያሉት እናትዎ ናቸው?»

«የቤት አከራዬ ናቸው፤ የዚሁ አገር ሰው። የወለደችኝ እናቴ ስም የመጀመሪያው ገጽ ላይ አለ።»

«ይህኛው ወንድምስ?»

«የሆስፒታላችን ዘበኛ ነው። ከእኔ አገር እስከ እሱ አገር በመርከብ እንኳ ስንት ሳምንት ይሆን።»

ብዕራቸውን ያገላብጣሉ። ያ ማገላበጥ አስጨነቀኝና ሳላስበው አፌ ቀደመኝ፤ «እናቴ፣ ይስሙኝ እንጂ፤ አንድን ሰው ልቅረብ ስል ከልጅነቴ የማውቀው ቃል ይኼው ነው።»

አስተርጓሚው መሐላ አለበት። «እናቴ» ብሎ ጀመረ።

ኃላፊዋ ቀና አሉ። «ማን? እኔን ነው?»

አስተርጓሚው ተንተባተበ። «እርስዎን ነው ያለችው።»

ምላሴን ብነክሰው በወደድኩ። ሴትየዋ መነጽራቸውን አወለቁ፤ አፋቸውን በመዳፋቸው ከለሉ፤ ትከሻቸው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር።

«ሁለት ልጆች ነው ያሉኝ» አሉ በመጨረሻ። «እርስዎ የሉበትም።» ከመሳቢያቸው አንድ ቅጽ አውጥተው ሰጡኝ። «የማስተካከያ ቅጽ ነው። የሦስቱንም ዝምድና በእጅዎ ይጻፉ። የዜግነቱን ውሳኔ በፖስታ ይጠብቁ፤ የሐሰቱ ጉዳይ ግን እዚህ ላይ ተዘግቷል። ጋብቻውን ማስመዝገብ ትችላላችሁ።»

አከራይ። የሥራ ባልደረባ። ሦስተኛው ሣጥን ላይ ስደርስ ብዕሩን ጠበቅ አድርጌ ያዝኩ። ፊደሎቹን አንድ በአንድ፣ ቀጥ አድርጌ ጻፍኩ። ማኅተም አረፈበት።

መንገዱን ተሻግሬ ሱቅ ገባሁና እንደ ሰው ሁሉ ወረፋ ያዝኩ። ከማሽኑ ጀርባ ሆኖ አየኝ፤ ከፊቴ ያሉትን ሰዎች ወረቀት ሲያደባልቅ አየሁት። ተራዬ ደረሰ። ቅጹን ሰጠሁት።

«አላነብም» አለ፣ ዓይኑን ከእኔ ሳይነቅል።

«ይኼኛውን አንብበው።»

አንዲት ቃል ናት፤ ለማንበብ ብዙ ቆየ። ከኋላዬ ያሉት ማጉረምረም ጀመሩ። ዓይኑን በክንዱ ጠረገ፣ ወረቀቱን መስታወቱ ላይ አስተኛና ቁልፉን ተጫነ። ኮፒውን ሲዘረጋልኝ እጁን ያዝኩት።

«ጀርባውንም» አልኩት።

ገልብጦ አየው። «ባዶ እኮ ነው።»

«አውቃለሁ። እሱን አብረን እንሞላዋለን።»

ኮፒ አደረገው።