የአጋም አደራ

ታንኳዋ ወደ ግራ ስታዘነብል ኢምራን መቅዘፊያውን ለቆ ጠርዟን ያዘ። ምንይችል እየሳቀ መንጠቆውን ሳበው። አንድ ወፍራም ቆሮሶ ዓሣ እየተወራጨ ወጥቶ እግራቸው ሥር ወደቀ።

«ይሄ ያንተ ነው» አለ ምንይችል።

ትልቁን ዓሣ ሁልጊዜ ለራሱ የሚያስቀር ልጅ ነበርና ኢምራን ገረመው። ግን ቆሮሶ ተሰጥቶት ለምን ብሎ የሚመረምር ማን ነው? ደስ ብሎት ተቀበለ።

ሁለቱ ጎን ለጎን ነው ያደጉት። በዒድም በፋሲካም አንዱ ከሌላው ቤት አይጠፋም፤ ነገር ግን ሥጋው ሲቀርብ ትሪው ሁለት ይሆናል፤ የእስላም ሥጋ ሌላ፣ የክርስቲያን ሥጋ ሌላ። ዓሣን ግን ማንም አያርደውም። ስለዚህ ከአንድ ትሪ መብላት ሲያምራቸው ሐይቁ ላይ ይወጣሉ። ያ ቀን የእነሱ በዓል ነው።

ዓሣውን ዳር ላይ ጠብሰው ከበሉ በኋላ ዳገቱን ወጥተው አጋም ለቀማ ገቡ። እሾሁ እጃቸውን ቧጨራቸው። ኢምራን እየለቀመ ይበላል፤ ከንፈሩ ጠቁሯል። ምንይችል ግን አንዷን እንኳ ሳይቀምስ ኮፍያው ውስጥ ያጠራቅማል። ኮፍያው ሲሞላ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ።

«አንድ ነገር ልንገርህ። ለማንም አልናገርም በል።»

«አልናገርም።»

«እንደሱ አይደለም። ወላሂ በል።»

ምንይችል ክርስቲያን ቢሆንም ጓደኛው በምን እንደሚታሰር ጠንቅቆ ያውቃል። ኢምራን ደግሞ የፍቅር ወሬ መስሎት ጆሮውን አቁሞ «ወላሂ» አለ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እሱ ያፈሰሰው ግን የሚለቀም አልነበረም።

«ዛሬ ሲመሽ ከሌሎች ልጆች ጋር እሄዳለሁ። በባቲ አድርገን በረሃውን እንሻገራለን። ባቲ ያለው አጎቴ እንዳያየኝ በጨለማ ነው የምናልፈው። ፈንታሁንን ፈልጌ አመጣዋለሁ።»

ኢምራን አፉ ውስጥ ያለውን አጋም ተፋው። ፈንታሁን የምንይችል ታላቅ ወንድም ነው። በዚያው በረሃ ወደ ዓረብ አገር ከወጣ ሁለት ዓመት ሆነው፤ ድምፁ እንኳ አልተሰማም። እናታቸው እትዬ ተሾመች ከዚያ ወዲህ ስልካቸውን ከእጃቸው አይለዩም። ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ እንኳ «ከደወለ አንሱልኝ» ብለው ለጎረቤት አደራ ይሰጣሉ።

ኢምራን ለመነው፣ ተቆጣው፣ በመጨረሻም ሳያፍር አለቀሰ። የምንይችል ልብ ግን ቀድሞ ሄዷል። እናቱ ስታለቅስ መስማት እንደማይችል ብቻ ተናገረና ኮፍያውን አቀበለው።

«አጋሙን ስጣት። ‹እኛ ቤት እያጠና ያድራል› በላት። ነገ ስታውቅ እኔ ርቄያለሁ። ምለሃል እንግዲህ።»

ከዳገቱ ወርዶ መንገዱ ላይ ባጃጅ ውስጥ ከገባ በኋላ ዞሮ አላየም።

ኢምራን ኮፍያውን ታቅፎ እግሩን እየጎተተ ወደ ሰፈር ሄደ። ልቡ ተሰብሯል። ቢናገር ምንይችል ሁለተኛ ከእሱ ጋር ታንኳ ላይ አይወጣም። ዝም ቢል ደግሞ… ይህን አስቦ መጨረስ አልቻለም። መሐላውን ያፈረሰ ሰው አሥር ድሃ እንደሚያበላ፣ ካልቻለ ሦስት ቀን እንደሚጾም መድረሳ ተምሯል። ወዳጁን ያጣ ሰው ምን እንደሚያደርግ ግን ማንም አላስተማረውም።

እትዬ ተሾመች በራቸው ላይ ምስር ይለቅማሉ፤ ስልካቸው ጉልበታቸው ላይ ነው። ኮፍያውን ሲያዩ ፊታቸው በራ።

«የኔን ልጅ የት ጥለኸው መጣህ?» አሉ። መልስ ሳይጠብቁ አንድ አጋም አንስተው ቀመሱ። «ፈንታሁን ይወደው ነበር ይሄን። ወንድምየው ለኔ ብሎ ለቀመልኝ?»

ኢምራን ጭንቅላቱን ነቅንቆ አዎ አለ። ንፍሮ እንዲቀምስ ቢጋብዙትም አልበላም። እንደታዘዘው «እኛ ቤት…» ብሎ ጀመረና ተወው። እሳቸው ስልካቸውን አንስተው አዩትና መልሰው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት።

አጠገባቸው መሬት ላይ ተቀመጠ። ከነገ ጀምሮ ሦስት ቀን ሊጾም በልቡ ነየተ።

«እትዬ» አለ፣ «ስልክዎን ያንሱ። ባቲ ላሉት ወንድምዎ እንደውል።»