የእንግዳ ቀን ትምህርት

ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ መምህራን አዳራሽ ይሰበሰቡና መዳፋቸውን ገበታ ላይ አድርገው አንዱ የሌላውን ትምህርት ይቀምሳል። በበረሃው ላይ በተሠራችው ባለመስታወት ጣሪያ ከተማ፣ በአዲስ ዳሎል፣ ይህ ብርቅ አይደለም። የድሮው ታብሌት አድጎ ተመንድጎ ገበታ ሆኗል፤ የልጁን ዓይንና ትንፋሽ አይቶ ትምህርቱ ከገባው አረንጓዴ፣ ካልገባው ቀይ ያበራል። የሌላውን ትምህርት በመዳፉ የተቀበለ መምህር እዚያው ክፍል ቆሞ ያስተማረ ያህል ይሰማዋል፤ ይህንን ቅምሻ ይሉታል። ቅምሻው ከመምህሩ ገበታ ወደ ልጆቹ ገበታዎች ይተላለፋል፤ የልጁም ገበታ በቅምሻው ያየውን እያስመሰለ በጆሮው ይመራዋል።

መምህርት ስንዱ ለከተማዋ አዲስ ናት። እንደመጣች፣ ሁሉም የሚቀምሰውን የመምህር አንዳርጌን ትምህርት ቀመሰች። እሳቸው ክፍል ቀይ የሚባል ነገር በርቶ አያውቅም! በማግስቱ የእሷም አራተኛ ክፍል እንደ ነሐሴ መስክ አረንጓዴ በአረንጓዴ ሆነ። ደስ አላት። ምን ታድርግ፣ ማን አረንጓዴ ይጠላል?

ደስታዋ የቆየው አንድ ሐሙስ ጠዋት የተማሪዋ የዘህራ ገበታ አሸዋ ገብቶት እስኪጠፋ ድረስ ነው።

"ግድ የለም፣ ከግድግዳው ላይ አንብቢልኝ" አለቻት ስንዱ፣ አጭር ዓረፍተ ነገር ጽፋ።

ዘህራ ዓይኗን ግድግዳው ላይ ተከለች፣ ራሷን ነቀነቀች፣ ፈገግ አለች። አላነበበችም።

"አንብቢ እንጂ፣ የኔ እናት!"

የልጅቷ እንባ ዱብ ዱብ አለ። "ገበታዬ ሳይነግረኝ አልችልም፣ ቲቸር።"

"ምንድን ነው የሚነግርሽ?"

"መልሱን በጆሮዬ ይነግረኛል። እርስዎ ሲያዩኝ ደግሞ 'ዓይንሽን ትከይ፣ ራስሽን ነቅንቂ፣ ፈገግ በይ' ይለኛል።"

አራተኛ ክፍል ደርሳ ፊደል አትለይም! የስንዱ ደም ፈላ። ከሰዓት በኋላ የአዳራሹን በር በርግዳ ገባች።

"መምህር አንዳርጌ! ልጆቹን ምንድን ነው ያስተማሯቸው?"

ሽማግሌው መምህር አልደነገጡም። "ምነው እህቴ፣ ቀስ በይ እንጂ። ያ ትምህርት እኮ እንግዶች የመጡ ዕለት የተቀዳ ነው። 'መልሱን የምታውቁ ቀኝ፣ የማታውቁ ግራ እጃችሁን አንሱ' አልኳቸው። ሁሉም እጁን ያነሳል፣ እኔ ቀኝ ያነሳውን እጠራለሁ። እንግዳ ሲመጣ ቤት አይጠረግም እንዴ?"

አዳራሹ ሳቀ። ዘዴውን የማያውቅ መምህር የት አለና!

"ጠርገህ ያወጣኸው ልጆቹን ነው!" አንቱታው ከአፏ ጠፋ። "ገበታ ምን ያውቃል? ያየውን ነው የሚያስተምረው። ዘህራ ከታች ክፍል ጀምራ ተምራ ተምራ የተማረችው፣ የገባው ሰው መምሰል ነው! ማንበብ አትችልም! ትሰማለህ?"

"የመምህር አንዳርጌ ካልተመቸሽ የሌላ ውሰጃ" አለ አንዱ ከኋላ።

ስንዱ ወደ አዳራሹ ትልቅ ገበታ ዞረች። "ልጁ 'አልገባኝም' ያለበትን፣ መምህሩ የተቸገረበትን ቅምሻ አውጣልኝ!"

"የለም" አለ ገበታው። "ከተማዋ ከተቆረቆረች ጀምሮ የሰጣችሁኝ ሁሉ እንግዳ የተጋበዘበት ነው። ትምህርት ማለት እሱ መስሎኝ ነበር።"

አሁን የሳቀ የለም። አይ ሰው! ይህን ሁሉ ሐሙስ ተሰብስቦ ሲማማር፣ አንድም ቀን የከሸፈበትን ይዞ የመጣ አልነበረም።

ስንዱ መዳፏን ገበታው ላይ ጧ አደረገችው። "እንግዲያው የጠዋቱን ክፍሌን ውሰድ! ልጅቷ ስታለቅስ እኔ የማደርገው ጠፍቶኝ ተገትሬ ስቀር። ቅመሱት ሁላችሁም!"

ቀመሱት። የብዙዎቹ ፊት ጠቆረ።

"በሉ ንገሩኝ፣ ከየት ልጀምርላት?"

መምህር አንዳርጌ መዳፋቸውን ከገበታው አነሱ።

"እኔም አላውቅም" አሉ። "የማያውቀውን ልጅ ጠርቼው አላውቅማ።"

የስንዱ ንዴት አልበረደም። አንቱታው ግን ተመለሰ።

"ዘህራ ገና ክፍል ውስጥ ናት" አለቻቸው። "እርስዎ ይጥሯት።"