በቀዶ ሕክምናው ክፍል ያየኋቸው ባዶ እግሮች

እመኑኝ ብዬ አልለምንም። የተጠራጠረ ካለ ጀርባዬ ላይ ያለውን ጠባሳ መጥቶ ይይ። የምነግራችሁ በእኔው በራሴ ላይ የደረሰውን ነው።

ማክሰኞ ነበር። ከጠዋቱ አራት ሰዓት። ቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ በሆዴ ተኝቻለሁ።

የታክሲ ሹፌር ነኝ። ሽንቴን ይዤ ስውል ኖሬ ሁለቱም ኩላሊቶቼ ድንጋይ አፈሩ። ባለቤቴ ራጁን አይታ "ለቤታችን መሠረት ይበቃናል" ብላ ስቃብኛለች። በሩ ላይ ግን እጄን አልለቅም አለች። ሲስተሯ ናት በግድ ያላቀቀቻት።

"ሆድህን አንከፍትም" ብሎኛል ዶክተሩ። "ከጀርባህ ትንሽ ቀዳዳ እናበጃለን፣ ቀጭን ቱቦ እናስገባለን፣ ድንጋዩን ሰባብረን እናወጣለን። አለቀ።"

ከደረቴ በታች ደንዝዣለሁ። ፊቴ መሐሉ ክፍት በሆነ ትራስ ላይ ተደፍቷል። የሚታየኝ ወለሉ ብቻ...

ወለሉና እግሮች።

የዶክተሩ ነጭ ጫማ። የሲስተሯ ሰማያዊ ጫማ።

ማሽኑ ጥርስ እንደሚቦረቡር ነገር ሲጮህ ቆየ።

"ግራው አለቀ። አንበሳ ነህ!" አለ ዶክተሩ። "ወደ ቀኙ እንለፍ።"

ያኔ አየኋቸው።

ሁለት ባዶ እግሮች። የሴት። ውሃ ያንጠባጥባሉ... ወለሉ ግን አይረጥብም።

"ሲስተር..." አልኩ በሹክሹክታ። "ያለ ጫማ የቆመችው ማናት?"

ሰማያዊው ጫማ ቀጥ አለ። ሲስተሯ ጆሮዬ ስር ጎንበስ አለች።

"አየሃት?"

"አዎ።"

"ዝም በል። እንዳትሰማህ።"

ቀኝ ጎኔ ውስጥ የሆነ ነገር ተንቀሳቀሰ። አያምም። ግን ጣት ነው... የሚፈልግ፣ የሚፈተፍት ቀዝቃዛ ጣት።

"ዶክተር፣ ኧረ ቀስ ይበሉ!"

"ምኑን? ቀኙን ገና አልነካሁትም እኮ።"

ነጭ ጫማው ወደ ራጁ ስክሪን ዞረ።

"ይሄ ድንጋይ የታል? አሁን እዚህ ነበር!"

ባዶ እግሮቹ ወደ ራሴ መጡ። ፊቴ ስር አንድ እጅ ተዘረጋ። መዳፉ ላይ ደም የለበሰ ድንጋይ ተቀምጧል።

"አወጣሁልህ" አለችኝ፣ እናት ልጇን በምታባብልበት ድምፅ። "በር ላይ ላለችው ልስጣት?"

"ተይ! መልሺልኝ! እኔው ልያዘው!"

እጁ ተጨበጠ። ሲከፈት ባዶ ነው።

"አይ አንተ... ሰጠኋት እኮ።"

ውጭ ባለቤቴ ጮኸች።

ያንን ጩኸት አውቀዋለሁ። ስንት ወር የጮህኩት እሱን ነው።

እኔን ሲያወጡኝ እሷን ሊያስገቧት ኮሪደሩ ላይ ተላለፍን። አንድ ቀን እንኳ ጎኔን ብላ የማታውቅ ሴት አልጋው ላይ እንደ እባብ ትጠማዘዛለች።

"አንተዬ... ጎኔን! ጎኔን!"

"ቀኝ ኩላሊቷ ነው" አለ ዶክተሩ። "ድንጋዩ ሽንቷን ዘግቶታል። አሁኑኑ መግባት አለባት።"

ጋዋኑን ጨምድጄ ያዝኩት። "አያስገቧት! በፈጠረዎት! እዚያ ውስጥ..."

ጣቶቼን አንድ በአንድ አላቀቀ። "ማደንዘዣው ነው፣ ያስቀባጥራል" አላቸው ለሌሎቹ። ሳቁ።

በሩ ሊዘጋ ሲል በክፍተቱ አየሁ።

ባለቤቴ በሆዷ ተኝታለች። ፊቷ ትራሱ ውስጥ ተቀብሯል።

ሲስተሯ አጠገቧ ቆማ... ሰማያዊ ጫማዋን ውሃ ከሚያንጠባጥብ እግሯ ላይ ቀስ ብላ ታወልቃለች።