የቤታችንን ጨው የበላው መርማሪ

የማዘጋጃ ቤት ቆብ ያደረገ ሰው በራችንን ሲያንኳኳ እኔ መጀመሪያ የሚታየኝ እስር ቤት ነው። ባሌ ቡሽራ በእስክንድርያ፣ በላባን ሰፈር የታወቀ የጨው ዓሣ ሠሪ ነው። የትንሣኤ ማግስት ከተማው ሁሉ ወደ ባሕሩ ዳር ሲወጣ ከእኛ በርሜል ያልበላ ቤተሰብ ጥቂት ነው። ዓሣ ደግሞ ዓሣ ነው። አንድ ሰው ቢታመምስ እያልኩ ጾሙን በሙሉ እንቅልፍ አጣለሁ።

ከዲቭ አባስ የግብፅ ገዥ በነበሩበት ዘመን፣ በአንዱ ዐቢይ ጾም የመጣው መርማሪ ቀጭን ወጣት ነበር። ምግቡንም ቤቱንም ይመረምራል፤ የውኃ ጉድጓዱን፣ መጸዳጃውን፣ የምንተኛበትን ክፍል መስኮት ሳይቀር። ስሙ ፋኑስ ነው፤ ፋኖስ ማለት ነው። ሰፈሩ ወዲያው ቀልድ አወጣበት። «ፋኑስ በጠራራ ፀሐይ ምን ይሠራል?» ይባባላሉ።

ምድር ቤታችን ጨለማ ስለሆነ መብራት ጠየቀ። ልጄ ፌብሮንያ ኩራዝ ይዛ ወረደች። ብቻዋን ልተዋት አልወደድኩምና ተከተልኳት።

«ፋኑስ የሚባል ሰው መብራት ሲለምን ዛሬ አየሁ» አለች።

«ስሙን ያወጡልኝ አያቴ ናቸው፤ ዘይቱን ግን ረሱት።»

አልሳቀችም። ኩራዙን ግን ወደ እሱ አስጠጋችለት። እሱም ሥራውን ትቶ እጇን አየ።

ከዚያ ግድግዳውን በመዳፉ ዳሰሰ፤ እርጥብ ነበር። በክረምቱ ማዕበል የጎረቤት መጸዳጃ ሞልቶ ወደ እኛ ሰርጓል።

«እዚህ ጋ የተጠጋ በርሜል ነበር?» ሲል ከኋላችን የወረደውን ቡሽራን ጠየቀው።

«ኧረ ምንም አልነበረም» አለ ባሌ። እርጥበቱ የነካው አንድ የዓሣ በርሜል ግን እዚያው፣ ከባዶ ጆንያዎች ክምር ጀርባ ተደብቆ ነበር።

ቡሽራ እንግዳውን ቶሎ ወደ ላይ አወጣውና ዳቦና ጨው አስቀረበለት። «ጾም ነው፤ ከዚህ የሚበልጥ የለኝም። ሳትቀምስ ብትወጣ ግን እንደ ስድብ ነው የምቆጥረው።»

በእኛ ዘንድ ከአንድ ቤት ዳቦና ጨው የበላ ሰው በዚያ ቤት ላይ ክፉ አይሠራም። ፋኑስ አመነታ። ፌብሮንያን አየ። ቆርሶ በላ።

«አለቀ» አለኝ ቡሽራ በሩን ሲዘጋ። «ጨዋችንን በልቷል።»

ከዚያ ወዲህ የፋኑስ መንገድ ሁሉ በእኛ ደጅ ሆነ። እሱ ሲያልፍ ልጄ የደረቀ ልብስ እንደገና ታሰጣለች። አይነጋገሩም፤ እሱ ቆቡን ያነሣል፣ እሷ አንገቷን ትደፋለች። በሆሳዕና ሰሞን አክስቱን ልኮ ለጋብቻ ጠየቃት። ቡሽራ ደስታውን መደበቅ አቃተው፤ መርማሪ አማች ከየት ይገኛል። እኔ ግን ደስታ ሲበዛ ያስፈራኛል።

በሕማማት ሳምንት ፌብሮንያ ጓዳ መጥታ አጠገቤ ቆመች።

«እማዬ፣ አባባ ያን በርሜል ሊሸጠው ነው።»

«ዝም በይ። አባትሽ ይታሰራል። ፋኑስም ቢሆን የአታላይ ልጅ አያገባም። ሁለቱንም ነው የምታጪው።»

«ባያገባኝ ይቅር። ልጆች ይበሉታል እኮ።»

እጇን ያዝኳት፤ ቀስ ብላ አስለቀቀችኝ። በሩ ላይ ቆማ ፋኑስን ጠበቀችው፤ ሲመጣም ሁሉንም ነገረችው። እሱ ቆቡን አወለቀ።

«ይህ ነገር ምን እንደሚያስከትል አስበሻል?» አላት።

«አስቤ ነው የነገርኩህ።»

ለመጀመሪያ ጊዜ «አንተ» ብላ የጠራችው ያን ቀን ነው። ገባ።

«ጨዋችንን በልተህ» አለው ቡሽራ ነገሩን ሲሰማ። «ከገበታዬ በልተህ ቤቴን ልታፈርስ መጣህ?»

«ስለበላሁ ነው የመጣሁት፣ አባቴ። ባልበላ ኖሮ ፖሊስ ይዤ እመጣ ነበር፤ አሁን ግን ብቻዬን ነኝ። የእርስዎ ዓሣ ሰው ሲገድል ዝም ብዬ ካየሁ፣ ጨዋችሁን የካድኩት ያን ጊዜ ነው።»

ቡሽራ ወደ እኛ ዞረ። «ማን ነገረው?»

«እኔ ነኝ፣ አባባ።» ዓይኗን አልሰበረችም።

የሆነውን እስካሁን ማመን ያቅተኛል። ባሌ ጆንያዎቹን አንሥቶ ወረወረ። በርሜሉን ራሱ እያንከባለለ ወደ መንገዱ አወጣው፤ ፋኑስ ሊያግዘው ሲል በክንዱ ገፋው። ጎረቤቱ ሁሉ ወጣ።

«ቡሽራ፣ አማችህ ከአሁኑ አከሰረህ እንዴ?» አለ ማዶ ያለው ሽንኩርት ሻጭ።

«አላከሰረኝም፤ አተረፈኝ» አለ ቡሽራ። «ይህ የኔ ነው፤ ተበላሽቷል። የቀረውን የተጠራጠረ ይግባና ያሽት።» በመጥረቢያ ክዳኑን ሰብሮ ማንም እንዳይበላው ኖራ ሞላበት። እንደዚያ ቀን ቀጥ ብሎ ሲቆም አይቼው አላውቅም።

እኔ የምጠብቀው ፖሊስን ነበር። የመጣው ግን ሊያሸት የፈለገ ሰው ሁሉ ነው። አሽትተው፣ ራሳቸውን በአድናቆት ነቅንቀው፣ ገዝተው ወጡ። ለበዓሉ ለራሳችን እንኳ አልተረፈንም።

ሠርጉ በበዓለ ሃምሳ ሆነ። ማዘጋጃ ቤቱ ማንንም የሚስቱን ዘመዶች ቤት አያስመረምርም፤ ስለዚህ ፋኑስ ላባንን ለቅቆ በጥጥ መጋዘኖቹ በኩል ወዳለው ሰፈር ለመዛወር ራሱ ጠየቀ። እዚያ በአንድ ክፍል ሁለት ቤተሰብ ይተኛል። ልጄ ደግሞ በዚያ እርጥበት ሳንባዋ ይታመምብኛል ብዬ አለቀስኩ።

ባለፈው ሳምንት ልጠይቃት ሄድኩ። ደረጃው ላይ ሁለት ሴቶች የዘይት ማሰሮ ይዘው ወረፋ ይጠብቃሉ።

«መርማሪው ሳያየው በፊት እሷ ታሽትልናለች» አለችኝ አንደኛዋ። «የጨው ዓሣ ሠሪ ልጅ ናት። የገዛ አባቷን በርሜል ያጋለጠችው እሷ ናት ይላሉ።»

ሌላዋ ራሷን ነቀነቀች። «ምን ዓይነት እናት ትሆን እንዲህ አድርጋ ያሳደገቻት?»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ነጠላዬን ፊቴ ላይ ስቤ አልፍ ነበር።

«እኔ ነኝ» አልኳቸው፤ ደረጃውንም ወጣሁ።