ቢራቢሮ ቆጣሪውን የጠራው ድምፅ

ይሄ የሆነ ነገር ነው። ተረት የሚያምረው ካለ ከወዲሁ ይለፈኝ፤ እኔ እመኑኝ ብዬ አልለማመጥም።

የደረሰው በአክስቴ ልጆች በያምሮትና በታናሽ ወንድሟ በስመኘው ላይ ነው። ያምሮት ራሷ ናት የነገረችኝ።

ባለፈው ጥቅምት... ከቀኑ ስድስት ሰዓት... ከቡሬ ወደ ሽንዲ ከሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ ባለ የገጠር ቤተ ክርስቲያን ደን ውስጥ።

አዎ፣ በጠራራ ፀሐይ!

ሁለቱ ቢራቢሮ ይቆጥራሉ። ደመወዝ የለውም፤ በፈቃዳቸው ነው። ፎቶ እያነሡ ለተመራማሪዎች ይልካሉ። ደኑ ብዙ ዓይነት ቢራቢሮ እንዳለው ከታወቀ ከመጥረቢያ ይተርፋል ተብለዋል። ጎረቤቱ ግን «ሥራ ከመፍታት ልጄን ላፋታት» እያለ ይስቅባቸዋል።

አሠራሩ ቀላል ነው። የበሰበሰ ሙዝ በጠላ አተላ ተለውሶ በሳህን ይቀመጣል፤ ቢራቢሮዎቹ ሽታው ስቧቸው ይመጣሉ፤ እንደ ክር የቀጠነ ረጅም ምላሳቸውን ዘርግተው ይጠጣሉ። ቆጣሪው ሳይንቀሳቀስና ሳይናገር አጠገቡ ይቆማል። ቢራቢሮ ደግሞ ፀሐይ ካልጠነከረ አይወጣም።

የደብሩን ቄስ አባ ይርሳውን ከቅጥሩ በር ላይ አገኟቸው። የቤተሰቡ የንስሐ አባት ናቸው።

«ልጆቼ፣ በቀትር ደን ውስጥ አይቆምም» አሉ።

ስመኘው ሳቀ። «አባ፣ ቢራቢሮ እንደ እርስዎ በሌሊት ለማኅሌት አይነሣም እኮ!»

አባ አልሳቁም።

«እንግዲያ በስማችሁ የሚጠራችሁ ቢኖር ዝም በሉ። ሰው ከሆነ መጥቶ ይነካችኋል።»

ገቡ። ያምሮት ከወይራው ሥር ቆመች፤ ስመኘው ራቅ ብሎ ከዋንዛው ሥር። ይተያያሉ፣ አይነጋገሩም።

መጀመሪያ ወፎቹ ዝም አሉ...

ቀጥሎ ቢራቢሮዎቹ ሙዙን ትተው ተነሡ። ይሄ ያምሮትን ገረማት። አተላ የቀመሰ ቢራቢሮ እንደ ሰካራም ነው፤ በጣት ቢነኩት እንኳ አይነሣም።

ሁሉም ዋንዛው ግንድ ላይ ሄደው አረፉ። ክንፋቸውን ገጥመው... ፊታቸውን ወደ ስመኘው አዙረው።

ከዚያ ድምፁ መጣ።

«ያምሮት...»

ከኋላዋ ነበር። ጥርሷን ነክሳ ዝም አለች።

«ስመኘው...»

እሱም ዝም። እንዲያውም በሩቁ ጠቀሳት፤ የጎረምሳ ነገር።

ድምፁ ጠፋ። ያምሮት እፎይ አለች።

«ወልደ ሥላሴ!»

ይሄ የስመኘው የክርስትና ስም ነው። በእኛ አገር የክርስትና ስም ለማንም አይነገርም። ከእናቱ፣ ከእህቱና ከንስሐ አባቱ በቀር የሚያውቀው አልነበረም። ድምፁም የአባ ይርሳው ድምፅ ነው። የንስሐ አባቱ ጠርተውት ዝም የሚል ልጅ ደግሞ እኛ ዘንድ አላደገም።

«አቤት አባ!» አለ ስመኘው።

ያምሮትም አልከለከለችውም። እሷም አባ መስለዋት ነበር።

ቢራቢሮዎቹ ባንድ ጊዜ ተነሡ...

ሮጣ ስትደርስ ስመኘው እንደቆመ ነው። ፊቱ አይታይም። ከንፈሩ ላይ፣ ጆሮው ላይ፣ ዓይኑ ላይ... ክንፍ ብቻ። በሻሿ እያራገፈች ስሙን ጠራችው።

«አባ ጠሩኝ...» አለ በሹክሹክታ። «ሄድኩ።»

«የት ሄድክ? ይኸው እዚህ ነህ እኮ!»

«አይ... ሄጃለሁ።»

እጁን ይዛ ጎተተችው። ያ በሬ የሚያክል ጎረምሳ እንደ ባዶ ጆንያ ቀለላት።

አባ ይርሳው በሩ ላይ እንደተቀመጡ ዳዊት እየደገሙ ነበር።

«አባ... ጠርተውት ነበር?»

አባ ስመኘውን አዩት። ዳዊቱ ከእጃቸው ወደቀ።

«እኔ ከዚህ አልተነሣሁም፣ ልጄ።»

ከዚያ ወዲህ ስመኘው እህል ውሃ የሚባል ነገር በአፉ አልዞረም። ፍኖተ ሰላም ድረስ ወስደው አስመረመሩት፤ በሽታ አልተገኘበትም። አባ ጸሎት አደረሱ፣ ያምሮት ጸበል ተመላለሰች። «ምነው አፉን በያዝኩት» እያለች ታለቅሳለች። ወንድሟ ዓይኗ እያየ ሲያልቅ፣ ቆሞ ከማየት በቀር ምንም አልቀራትም።

ባለፈው እሑድ አክስቴ ጸበሉን በብርጭቆ አቀረበችለት።

«ጠጣልኝ የኔ ጌታ... አንድ ጉንጭ ብቻ።»

ስመኘው ጎንበስ አለ። ብርጭቆው ላይ እንዳቀረቀረ ቆየ... ቆየ...

«እሰይ! ተመስገን! ጠጣልኝ!» አለች አክስቴ፣ እንባዋ እየወረደ።

ያምሮት ከጎኑ ሆና ታያለች። ከንፈሩ ብርጭቆውን አልነካም። አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ ነበር።

ውሃው ግን እየጎደለ ነው።