ሁለት ስለሆናችሁ ነው

አውሮፕላኑ አራት ሰዓት ዘግይቶ ሲነሳ ይቅርታ ያለን ሰው የለም። መጀመሪያ «የቴክኒክ ችግር ነው» አሉን፣ ቀጥለው «ትንሽ ታገሱ» አሉን፣ ከዚያ ዝም አሉን። እኔ ደግሞ ዝም ሲሉኝ ነው የሚብስብኝ። አውሮፕላን የምንቀይርበት አገር ስንደርስ ቀጣዩ በረራ ከሃያ ደቂቃ በፊት ሄዷል። ቀኑ ማክሰኞ ነው። ሐሙስ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ አባቴ የልብ ቀዶ ሕክምና ሊገባ ነው።

አባቴን ካላወቃችሁት ነገሩ አይገባችሁም። ሁለት ጊዜ ቀጠሮ ተሰጥቶት ሁለቱንም ጊዜ «ትልቋን ልጄን ሳላይ አልገባም» ብሎ ከሆስፒታሉ በር ተመልሷል። በሦስተኛው ሐኪሙ ታናሽ እህቴን ለብቻዋ ጠርቶ፣ «አሁን ከቀሩ ወረፋቸው ከስምንት ወር በኋላ ነው፤ ልባቸው ያን ያህል አይቆይም» አላት። እኔ በሰው አገር፣ በአንዲት የልብስ ማስተካከያ ሱቅ ውስጥ የሰው ሱሪ ሳሳጥር አምስት ዓመቴ ነው። አሠሪዬን ለምኜ ትኬት ቆረጥኩና «መጣሁ አባዬ» አልኩት። «ካላየሁሽ አላምንም» አለኝ።

እንግዲህ ወረፋ ያዝኩ። ከፊቴ ወደየአገሩ የሚሄድ ሃያ ሰው አለ፣ የተከፈተው መስኮት አንድ ነው። ገና መቆሜ ነው፣ ከኋላዬ አንድ ሰው በገዛ ቋንቋዬ፣ «እህቴ፣ አንዴ ወረፋዬን ያዢልኝ፤ አሁን መጣሁ» አለኝ። ዞር ስል ረጅም፣ እንቅልፍ አጥቶ ዓይኑ የቀላ ሰው ነው። በዚያ ሁሉ ሰው መሀል የአገሬን ልጅ በማግኘቴ ደስ ብሎኝ «እሺ ወንድሜ» አልኩ። ሻንጣውን እግሬ ሥር አስቀምጦ ሄደ።

«አሁን» ያለው አርባ ደቂቃ ፈጀ። ሻንጣው ደግሞ ድንጋይ የሞሉበት ነው የሚመስለው። ወረፋው በተነቃነቀ ቁጥር የራሴን በእጄ እየጎተትኩ፣ የሱን በእግሬ እየገፋሁ መስኮቱ ጋ ስደርስ ላቤ ጠብ ይላል። ልክ ፓስፖርቴን ስሰጥ በሁለት እጁ ሁለት ብርጭቆ ሻይ ይዞ ከች አለ።

«አንተ ሰውዬ፣ ጤና የለህም እንዴ? እኔ ያንተ ተሸካሚ ነኝ?»

«የሻዩም ወረፋ እኮ…»

«ሻይ አምጣልኝ ብዬ ለመንኩህ?»

«ከንፈርሽ ደርቆ ሳየው ጊዜ ነዋ።»

እዚህ ላይ አፌን መያዝ ነበረብኝ። አልያዝኩም። ብርጭቆውን ተቀብዬ ቀመስኩና «ደግሞ ቀዝቅዟል!» ብዬ እንደ አዲስ ጀመርኩ። የመስኮቷ ሴትዮ ቋንቋችንን አትሰማም። የምታየው ወደ አንድ ከተማ የሚሄዱ ሁለት ፓስፖርቶች፣ ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ሻንጣዎችና ሰውየውን የምታበሻቅጥ ሴት ነው። ፈገግ እያለች ጻፈች፣ ወረቀቱን አወጣች፣ «በተጠባባቂ ዝርዝር ሦስተኛ ናችሁ» አለችን። ሦስተኛ! ሌላ ምን እንሰማለን? ወረቀቱን ሳናነብ አየር መንገዱ ለማደሪያ ወደሰጠን ሆቴል ሄድን።

ባልና ሚስት ተብለን መመዝገባችንን የነገረን የሆቴሉ እንግዳ ተቀባይ ነው። የተሰጠን አንድ ክፍል ነበር።

ፊቴ ጋለ። እሱ መሬት መሬት አየ፣ ከዚያ ሳቁ አመለጠው። «በሉ አስተካክሉ ብንላቸው ከወረፋው ያወጡናል» አለ። «አንቺ ግቢና ተኚ። እኔ ወንበር ላይ መተኛት ልማዴ ነው።» ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ «እህቴ» ማለቱን ተወ። እኔም ወንድሜ አላልኩትም።

በማግስቱ ረቡዕ ጠዋት፣ መሳፈሪያው አዳራሽ ውስጥ ከስድስት የብረት ወንበሮች ሁለቱን ይዘን ስማችንን መጠበቅ ጀመርን። እሱ የመርከብ ምግብ አብሳይ ነው። መርከቧ የምትነሳው እኔ ከምሄድበት ከተማ ወደብ ነው።

«ሃያ ሰባት መርከበኛ በቀን ሦስቴ ይነጫነጭብኛል» አለኝ። «ያንቺ ቁጣ እኔ ላይ ምን ይሠራል?»

«ገና አልተቆጣሁም።»

«እሱስ ገብቶኛል።»

«መርከቧ መቼ ነው የምትነሳው?»

ቶሎ አልመለሰም። የወንበሩን ጠርዝ በአውራ ጣቱ ፈተገ። «ገና አስር ቀን አላት» አለ።

ስለ አባቴ ነገርኩት። የሆስፒታሉን ስም፣ የሐኪሙን ቃል፣ የአባቴን ግትርነት፣ ሁሉንም ዘከዘክኩለት። «አይዞሽ፣ ትደርሻለሽ» አላለኝም፤ ብሎኝ ቢሆን እጮህበት ነበር። ሲሰማኝ ብቻ ዓይኑን ከፊቴ አላነሳም። መቼ እንደተኛሁ አላውቅም። ስነቃ ጭንቅላቴ ትከሻው ላይ ነው፤ ክንዱ ደንዝዞበት በሌላኛው እጁ አንስቶ ጉልበቱ ላይ ሲያስቀምጠው አየሁ። ለስንት ሰዓት እንዳልተነቃነቀ እግዜር ይወቅ። የዚያን ጊዜ ወደድኩት። ደክሞኝ ነው ብዬ ራሴን ልሸውድ ሞከርኩ እንጂ፣ ያኔ ነው።

ሁለት በረራ ሄደ። ስማችን አልተጠራም። ከእኛ በኋላ አሥራ አንደኛ የነበረ ሽማግሌ ሰላም ብሎን ወደ በሩ ሲገባ ደሜ ፈላ። ተነስቼ መስኮቱ ጋ ሄድኩ፤ እሱም ተከተለኝ።

«ሦስተኛ አይደለንም እንዴ? ሰው ሁሉ እየዘለለን የሚሄደው ለምንድነው?»

«ሁለት ስለሆናችሁ ነው» አለችኝ ሴትዮዋ። «የሚገኘው አንድ አንድ ወንበር ነው። ባልና ሚስት አንነጣጥልም። አሁንም አንድ ወንበር አለ፤ በሩ በሃያ ደቂቃ ውስጥ ይዘጋል።»

«ባሌ አይደለም!»

«ልለያያችሁ እችላለሁ። ግን ቦታውን የሚይዘው አንዱ ነው፤ ሌላው እንደ አዲስ ከመጨረሻ ይጀምራል። ዛሬ መጨረሻው ስልሳ አራተኛ ነው።»

ሰዓቱ ሲቆጥር ይሰማኛል። ወረፋውን ይዤ አርባ ደቂቃ የቆምኩት እኔ ነኝ፤ ሦስተኛነቱ የእኔ ድካም ነው ብዬ ልከራከር ምላሴ ላይ መጥቶ ነበር። አፈርኩ።

«የእኔን አውጪው» አላት እሱ።

«መርከብህስ?»

«አስር ቀን አላት አላልኩሽም? ሂጂ።»

«አንተ ሰውዬ…»

«በናትሽ አሁን አትቆጪኝ። ሂጂ፣ አባትሽ ሆስፒታሉ በር ላይ እየጠበቁሽ ነው።»

አላቀፈኝም። ሻንጣዬን አንስቶ እስከሚፈቀድለት ድረስ ተሸከመልኝ፣ ከዚያ ቆመ። ሁለት ጊዜ ዞሬ አየሁት፤ ሁለቱንም ጊዜ እዚያው ቆሟል።

ሐሙስ ጠዋት ከአየር ማረፊያ በቀጥታ ሆስፒታል ገባሁ። አባቴ በተሽከርካሪ አልጋ ላይ ሆኖ የቀዶ ሕክምናው ክፍል በር ላይ ነርሶቹን አስቁሟቸዋል። እህቴ ታለቅሳለች። አየኝ፤ ከላይ እስከ ታች አየኝ።

«ከስተሻል» አለኝ።

«አንተስ?»

«ጉዞው እንዴት ነበር?»

«ጥሩ ነበር አባዬ።»

እጄን ጭምቅ አድርጎ ለቀቀኝና «በሉ ግፉት» አላቸው። ቀዶ ሕክምናው ስድስት ሰዓት ተኩል ፈጀ። ሐኪሙ ወጥቶ ጭንብሉን ሲያወልቅ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። «ደህና ናቸው» አለን።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ከአባቴ ክፍል ውጪ ያለችው አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ሳለ ከኮሪደሩ ጫፍ መጣ። ሸሚዙ የተጨማደደ፣ ጺሙ ያደገ፣ ያን ሻንጣ የሚጎትት። ሰላም እንኳ አላለኝም።

«አባትሽ ወጡ?»

«ወጣ። ደህና ነው። ትናንት ተናገረ።»

ትንፋሹን ለቀቀና አጠገቤ ተቀመጠ። ዓይኔን ግን አያይም።

«መርከብህስ?»

«ሐሙስ ሄደች።»

«አስር ቀን ብለኸኝ!»

«ብዬሽ ነበር።»

«ለምን ዋሸኸኝ? ብትነግረኝ…» አልኩና ቆምኩ። እዚህ ላይ ቆንጆ ነገር መናገር ይቻል ነበር። አባቴ ግን ከግድግዳው ወዲያ ይተነፍሳል፤ እዚያ ተቀምጬ መዋሸት አልቻልኩም። «ብትነግረኝም እሄድ ነበር» አልኩት። «ትቼህ እሄድ ነበር።»

«አውቃለሁ» አለ። «እያለቀስሽ እንዳትሄጂ ብዬ ነው።»

ይሄን ጊዜ አለቀስኩ። ከማክሰኞ ጀምሮ ያላለቀስኩትን እዚያ አግዳሚ ላይ፣ በጽዳት ሠራተኛዋ ፊት፣ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቅኩ። ደረቱን በቡጢ መታሁት፤ እጄን ያዘውና አልለቀቀውም። እኔም እንዲለቀው አልፈለግኩም።

ሌላ መርከብ እስኪገኝለት አራት ወር ሆነ። በአራቱ ወር ጨው የተከለከለውን አባቴን የሚያበላው እሱ ሆነ። አባቴ የእህቴን ምግብ «ሳር ነው» ይላል፣ የእኔን አይቀምሰውም፣ የሱን ግን ጠራርጎ በልቶ «ይሄ ሰውዬ እዚሁ አይኖርም እንዴ?» አለኝ። ከአባቴ አፍ ከዚህ የበለጠ ምርቃት አይወጣም። ተጋባን። እኔ ወደ ሰው አገር አልተመለስኩም፤ የስፌት መኪናዬን አባቴ ቤት ሳሎን ውስጥ ተከልኩ።

ባሌ ግን መርከበኛ ነው። ሁለት ቀን መጠበቅ አቅቷት አየር ማረፊያ ያመሰችው ሴትዮ አሁን በዓመት ዘጠኝ ወር ትጠብቃለች። ፍቅር ድካም ያስረሳል የሚል ካለ መርከበኛ አላገባም። ይደክማል። ካሌንደር ማየት ይደክማል፣ አልጋው ሲሰፋ ይደክማል።

ትናንት ደወለ። «ማዕበል ነው፣ ወደቡ ተዘግቷል፣ አምስት ቀን እንዘገያለን» አለኝ። ዝም አልኩ።

«ምነው፣ ተቆጪኝ እንጂ።»

«ደክሞኛል» አልኩት።

የባሕሩ ድምፅ ይሰማል። «እኔም» አለኝ ቀስ ብሎ።

ስልኩን ዘግቼ የስፌት መኪናዬ ላይ እንደተደፋሁ አባቴ ከጓዳ ወጣ። ጋቢውን ትከሻው ላይ እያስተካከለ ፊቴን አየ።

«ደግሞ ዘገየ?»

«አምስት ቀን አባዬ።»

ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ፣ ያልጨረስኩትን ሱሪ ጫፍ ያዘልኝ።

«ታዲያ ምን ችግር አለ፣ እንጠብቃለና» አለ። «እኔ የት እሄዳለሁ?»