ባለቤቱ የሚፈታው ክር

ጠጋ በሉ ልጆቼ። ያቺንም በሩ ላይ ያለችውን ጥሯት፣ የደብረ ብርሃን ንፋስ ጀርባዋን እንዳይመታት። የይመኙሻልንና የዘርአ ዳዊትን ነገር ላውጋችሁ።

ጊዜው የደርግ ነው። ሁለቱም እዚሁ ባንድ የምንጣፍ ማኅበር ይሠሩ ነበር፤ እሷ ሱፍ አበጣሪ፣ እሱ መካኒክ። የማበጠሪያው መኪና ጥርስ የጅብ ነው። ስለዚህ ሊያጸዳው እጁን የሚያስገባ ሁሉ አስቀድሞ የራሱን ክር ማስነሻው ላይ ያስራል፣ ሲጨርስም ራሱ ይፈታል። ሦስት ሰው ከገባ ሦስት ክር ነው። የመጨረሻው ሳይፈታ መኪናው አይነሳም፤ የሰው ክር መንካት ነውር ነው።

አንድ ቀን ዘርአ ዳዊት የይመኙሻል ቀይ ክር ብቻውን ቀርቶ አየ። ቅድም ደጅ ስትስቅ ሰምቷታልና ረስታው ነው ብሎ፣ ሊያግዛት ፈታላትና መኪናውን አስነሳ። እሷ ግን ብሩሽ አምጥታ በጓሮ በኩል ተመልሳ ከመኪናው ጀርባ ጎንበስ ብላ ነበር። ጥርሱ የነጠላዋን ጫፍ ነጠቃት፤ እጇ ለጥቂት ተረፈ።

ይቅር በይኝ ብሎ ቢለምናት ዘጋችው። በዚያው ሳምንት ደግሞ እሷን ሳያማክር አባቷ ቄስ ገብረአብ ዘንድ ሽማግሌ ልኮ፣ ለእሑድ ተቀጥሮ ነበር። ትወደው ነበር እኮ። ግን ሳይጠይቀኝ ክሬን የፈታ፣ ሳይጠይቀኝ ያገባኛል? ብላ፣ እሑድ እምቢ እንደምትል ለእናቷ ነገረቻት።

ዓርብ ዕለት ዘርአ ዳዊት መኪናውን ሲጠግን ለቀበሌ ስብሰባ ተጠራ። ክሩን ሳይፈታ ሮጠ። ሴቶቹ ሥራ ፈተው ተቀመጡ።

«ያንቺን ፈትቶ የለ? ፍቺበትና ብድርሽን መልሺ» አለቻት አብራት የምታበጥረው ወለተሐና።

ይመኙሻል ነጠላዋን አጣፍታ ቀበሌው አዳራሽ ገባች። ሊቀመንበሩ ንግግሩን አቋርጦ፣ «ጓዲት፣ ጥያቄ አለሽ?» አላት።

«የለኝም። ክሩን የሚፈታ ሰው ፈልጌ ነው።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ዘርአ ዳዊት አንገቱን ደፍቶ ተከተላት። መንገድ ላይ፣ ረስቶት እንደሄደና እሷው ብትፈታው ምንም እንዳልነበር ነገራት።

«መርሳትህን በምን አውቃለሁ? እጅህ እዚያ ውስጥ ቢሆንስ?»

ባሕር ዛፉ ጋ ሲደርሱ ዘርአ ዳዊት ቆመ።

«ይመኙ፣ ሳልጠይቅሽ የላክኋቸውን ሽማግሌዎች እንዳይመጡ ልመልሳቸው? አንቺ እንዳልሽ ይሁን።»

ቀና ብላ አየችው። ዐይኑን አልሸሸም።

«ይህን አስቀድመህ ብትጠይቀኝ ምን ነበረበት?»

«ይኸው ጠየቅሁሽ።»

«ይምጡ እንግዲህ። ያን ለፍላፊውን አጎትህን ግን ቤት አስቀረው፤ አባዬ ወሬ ሲበዛ ያንቀላፋል።»

እሑድ መጡ። አጎትየውም ተደብቆ መጣ፤ ቄሱም አንቀላፉ። ሲነቁ ግን አስቀድመው ልጃቸውን አስጠርተው ጠየቋት፣ እሷም እሺ አለች።

እናንተም ልጆቼ፣ ሰው እጁን ያሳረፈበትን ነገር ራሱ እስኪለቅ መጠበቅ ፍቅር መሆኑን፣ አደራ፣ አስቡልኝ።